አገልግሎት ላይ ተቆጥቼ የማይሆን ነገር ተናገርኩ፣ ከሰብሳቢነት ልውረድ ወይስ ልቀጥል?

የሰንበት_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ስለሆነ ይቅርታ፣ ላሳጥረው ብዬ ሦስቴ አጠፋሁት ግን ሳሳጥረው እውነቱ የሚጎድል እየመሰለኝ ተውኩት።

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢ ነኝ፣ የትኛው ደብር እንደሆነ ይቅር። ከዛ በፊት አራት ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ፣ በ2016 መስከረም ላይ ስመረጥ ጉባኤው ፊት ነው ያለቀስኩት፣ ደስ ብሎኝ ሳይሆን ፈርቼ። ያኔ አንዲት ታላቅ እህታችን ጠጋ ብላ "አይዞሽ የሚሠራው እሱ ነው" አለችኝ፣ እሷን ቃል ይዤ ጀመርኩ፣ ግን መቼ እንደሆነ ሳላውቀው የምሠራው እኔ ሆንኩ። ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ አዳራሹን የምከፍተው እኔ፣ ወንበር የምደረድረው እኔ፣ ከበሮውን ከዕቃ ቤት የማወጣው እኔ፣ መምህር ሲቀር ስልክ ይዤ የምለምነው እኔ፣ መዋጮ የምሰበስበው እኔ። ሒሳብ ሹም አለችን ግን ሥራ ይበዛባታል ብዬ ደብተሩንም እኔ ጋ አደረግኩት። ማንም አላስገደደኝም፣ እንደውም ትህትና መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ለጥምቀት ስንዘጋጅ ነው። ለመዘምራን ልብስ ማሰፊያ ብር እየሰበሰብን ነበርና አንድ ልጅ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ "የልብሱ ብር ስንት ደረሰ? የት ነው ያለው?" ብሎ ጻፈ። በቃ ይቺው ናት። አሁን ሳያት ምንም ክፋት የለባትም፣ መጠየቅ መብቱ ነው። ግን ያን ቀን ከሥራ የገባሁት ማታ 2 ሰዓት ነው፣ የአያቴ አርባ ከወጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፣ እራትም አልበላሁም፣ እና 5 ሰዓት ላይ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አራት ደቂቃ ሙሉ ቮይስ ላኩ። "እኔ ባልኖር ይሄ ሰንበት ትምህርት ቤት በሩ ተዘግቶ ነበር፣ እናንተ ከበሮ ከመምታት ውጪ ምን ታውቃላችሁ" አልኩ፣ ሌላም ሌላም። ጠዋት ላጠፋው ስል ሁሉም ሰምተውታል። አዲስ ከመጡት ልጆች ሦስቱ ግሩፑን ለቀው ወጡ፣ ቅዳሜም አልመጡም።

ከዛ ወዲህ ዘኍልቍ 20ን ስንቴ እንዳነበብኩት እግዚአብሔር ያውቃል። ሙሴ ያን ሁሉ ዘመን ተሸክሟቸው አንድ ቀን ተቆጥቶ ድንጋዩን ሁለቴ መታው፣ ከነዓን አትገባም ተባለ። አንድ ቀን ነው እኮ። ሳነበው ለእኔ የተጻፈ ይመስለኛል።

ጥያቄዬ፣ መንፈሳዊ መሪ በአንደበቱ ሲወድቅ መጽሐፍ ምን አድርግ ይለዋል? ልውረድ? አንዳንዴ መውረዱ ንስሐ ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሽሽት። "ጸልዪበት" ብቻ እንዳትሉኝ፣ እየጸለይኩ ነው። መሪ ሆናችሁ የምታውቁ ወይ ደግሞ በመሪ የተጎዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ መልሱልኝ።

የድሮ_ሰብሳቢ፦

እህቴ እንኳን ጻፍሽው። እኔ ክፍለ ሀገር ስድስት ዓመት ሰብሳቢ ነበርኩ፣ ያንቺን ሳነብ ቁልፉ አሁንም ኪሴ ውስጥ ያለ መሰለኝ። የአዳራሹ፣ የዕቃ ቤቱና የመጻሕፍት ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ በቀይ ክር አስሬ ስድስት ዓመት ይዤው ዞሬያለሁ፣ ለማንም አልሰጥም ነበር፣ ይጠፋል እያልኩ። ከዛ ለሥራ ድንገት ሌላ ከተማ ተዛወርኩና ቁልፉን ኪሴ ውስጥ እንዳለ ይዤው ሄድኩ። ልጆቹ ሁለት ቅዳሜ በር ላይ ቆመው ቆመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በሦስተኛው አንዱ ደወለና "ጋሼ ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው እንዴ?" አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ኪሴን ስፈትሽ አገኘሁት። ያን ቀን ነው ዘጸአት 18 የገባኝ።

ዮቶር አማቹን ሊጠይቅ መጥቶ በማግስቱ ሙሴ ሲፈርድ ተቀምጦ አየው አይደል። ቁጥር 13ን ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ ሙሴ ተቀምጧል፣ ሕዝቡ ነው ከጠዋት እስከ ማታ የቆመው። እኛ ሁሌ የምናዝነው ለሙሴ ነው፣ ደከመ ብለን። ዮቶር ግን ያየው ሰልፉን ነው። ያለውም አንተ ትደክማለህ ብቻ አይደለም፣ አንተም ካንተ ጋር ያለውም ሕዝብ ትደክማላችሁ ነው ያለው። እኔ ቁልፉን ስይዝ ሸክም የቀነስኩላቸው መስሎኝ ነበር፣ ለካ በር ላይ እያቆምኳቸው ነበር።

ሌላው ደግሞ የሰጠውን መስፈርት እይው። አዋቂ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ የታመነ፣ የግፍን ረብ የሚጠላ። ጊዜ ያለው አይልም። አንቺ ሒሳብ ሹሟን ሥራ ይበዛባታል ብለሽ ደብተሩን ወሰድሽባት፣ ግን እሷን ጠየቅሻት? ጉባኤው የሾመው እሷን ነው እኮ። ስለ እሷ ያሰብሽ መስሎሽ የሰጧትን አገልግሎት ነው የቀማሻት፣ እንዲህ ስልሽ ላስቀይምሽ ፈልጌ አይደለም፣ እኔም ያደረግኩት ስለሆነ ነው።

አሳልፈሽ ስትሰጪ መጀመሪያ ይበላሻል፣ እሱን ከአሁኑ እወቂው። ወንበሩ ተጣሞ ይደረደራል፣ በሩ ዘግይቶ ይከፈታል፣ አንቺም ልሂድና ላስተካክለው ላስተካክለው ይልሻል። አትሂጂ። ሙሴ ለራሱ ያስቀረው ከባዱን ነገር ብቻ ነው፣ ትንሹን ነገር እነሱ ይፍረዱ ተብሏል። ትንሹ ነገር ላይ ስህተት ሳይሠሩ ከባዱን የሚሸከም ሰው ከየት ይመጣል?

መውረድሽን በተመለከተ ሌላ ሰው ይመልስልሽ፣ እኔ እሱ ላይ ልቤ ሁለት ነው።

ዝምተኛው_አባል፦

እኔ መሪ ሆኜ አላውቅም። በመሪ የተጎዳ ስላልሽ ነው የምጽፈው።

የ17 ዓመት ልጅ እያለሁ መዝሙር ክፍል ገባሁ፣ ሁለት ወር ከልቤ አጠናሁ፣ ነጠላዬን እናቴ አዲስ ገዝታልኝ ነበር። አንድ ቀን ጥናት ላይ ኃላፊው ሁሉንም አስቁሞ ወደኔ እያየ "አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ፣ ድምፅህ ሰው ያሳስታል" አለኝ። ሠላሳ ሰው ፊት። ሳቁ። ነጠላዬን አጥፌ በፌስታል ይዤ ወጣሁ፣ ተመልሼ አልገባሁም። ለቅዳሴ እንኳን ለሁለት ዓመት ሌላ ደብር ነበር የምሄደው፣ እንዳያዩኝ።

በኋላ ሰውየው ከኃላፊነት መውረዱን ሰማሁ። እና አንድ ነገር ልንገርሽ፣ መውረዱ ለእኔ ምኔም አልነበረም። ደስም አላለኝም፣ አልተካስኩም። ያን ሁለት ዓመት ስጠብቅ የነበረው ስልክ ነው። የሆነ ሰው ደውሎ የት ጠፋህ እንዲለኝ። ማንም አልደወለም፣ ስልኬ አባላት ጉዳይ መዝገብ ላይ ተጽፎ ነበር።

ሕዝቅኤል 34 ላይ እግዚአብሔር እረኞቹን ሲወቅሳቸው የባዘነውን አልመለሳችሁም የጠፋውን አልፈለጋችሁም ይላቸዋል። እኔ ያን ምዕራፍ ሳነብ ሁሌ ራሴን የማገኘው በጉ ቦታ ላይ ነው። ልውረድ አልውረድ የሚለው ያንቺ ጉዳይ ነው፣ የልጆቹ ጉዳይ ግን እሱ አይደለም። ግሩፕ ላይ ይቅርታ ጠይቀሽ ከሆነም እነሱ አልሰሙትም፣ ግሩፑን ለቀዋል እኮ።

የሰንበት_ልጅ፦

ዝምተኛው ወንድሜ ይሄን ሳነብ ቢሮ ነበርኩ፣ ወጥቼ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት። በቀደም ግሩፑ ላይ ረጅም ይቅርታ ጽፌ ነበር፣ ብዙ ሰው ልብ አድርጎልኛል፣ እኔም ቀለለኝ። ሦስቱ እንደሌሉበት ልብ አላልኩም። እውነቴን ነው አንዴም አልመጣልኝም። ዛሬውኑ ስልካቸውን ከአባላት ጉዳይ እጠይቃለሁ።

ጋሼ (የድሮ ሰብሳቢው) እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቁልፉ የኔም በአንድ ላይ ነው የታሰረው።

ዲያቆን_ዘጎንደር፦

እህታችን፣ ዘኍልቍ 20ን ደጋግሜ አነበብኩ ብለሻል። ከቁጥር ስንት ጀምረሽ ነው የምታነቢው? ብዙ ሰው ከውኃው ይጀምራል። ምዕራፉ ግን የሚጀምረው በሙሴ እህት በማርያም ሞት ነው። ቃዴስ ላይ ማርያም ሞተች በዚያም ተቀበረች ይላል፣ ወዲያው የሚቀጥለው ቃል ለማኅበሩ ውኃ አልነበረም የሚል ነው። ምዕራፉ መጨረሻ ላይ አሮን ሲሞት የእስራኤል ቤት ሁሉ 30 ቀን አለቀሰለት ተብሎ ተጽፏል። ለማርያም እዚህ ምንም አልተጻፈም፣ ተቀበረች፣ ከዛ ጥም፣ ከዛ ጠብ። ሙሴ ሕፃን ሆኖ ወንዝ ዳር በሣጥን ሲቀመጥ ራቅ ብላ ቆማ የጠበቀችው እህቱን ቀብሮ ነው ያ ሁሉ ሕዝብ የከበበው።

ይሄን የምልሽ የአያትሽን አርባ በአንድ መስመር ጠቅሰሽ ስላለፍሽው ነው። ሐዘን ላይ ነሽ። ማመካኛ ልሰጥሽ አይደለም፣ እግዚአብሔርም ለሙሴ ሐዘኑን ቆጥሮ ጥፋቱን ጥፋት አይደለም አላለውም። ግን ቁስሉ የት እንዳለ ያላወቀ ሰው የዛን ቁስል ሕመም ሌላ ሰው ላይ ነው የሚያወጣው። አንቺን ያናደደሽ የልጁ ጥያቄ ብቻ አልነበረም ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንምጣ። ሰው ሁሉ ሁለት ጊዜ መምታቱን ያያል። እኔን የሚያስደነግጠኝ ከመምታቱ በፊት ያለው ነው። እናንተ ዓመፀኞች ስሙ፣ ከዚህ ድንጋይ ውኃ እናወጣላችኋለን ወይ ነው ያላቸው። እናወጣላችኋለን! ውኃውን የሚያወጣው ማነው? አንቺም ቮይሱ ላይ እኔ ባልኖር በሩ ተዘግቶ ነበር ብለሻል። ቃሉ አንድ ዓይነት ነው። መዝሙረ ዳዊት 105 ላይም ነገሩን ሲያስታውሰው ዱላውን አያነሳም፣ ከንፈሩን ነው የሚያነሳው።

ሌላም አለ። ከቁጥር 7 ጀምሮ እይው፣ እግዚአብሔር እዚያ ቦታ ላይ አልተቆጣም። በትርህን ያዝ፣ ድንጋዩን ተናገሩት፣ አጠጣቸው ብቻ ነው ያለው። የተቆጣው ሙሴ ነው። ሕዝቡ ግን ይሄን አያውቅም፣ የእግዚአብሔር ሰው ሲቆጣ እግዚአብሔር የተቆጣ ነው የሚመስላቸው። ለዚህ ነው "በእስራኤል ልጆች ፊት ትቀድሱኝ ዘንድ አላመናችሁብኝም" የተባለው፣ ከተራ ሰው ቁጣ የመሪ ቁጣ የሚከብደው በዚህ ነው። ሦስቱ ልጆች የሰሙት ያንቺን ድምፅ አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ታየናለች ብለው ነው የሄዱት። አንቺ ደክሞሽ ነበር፣ እነሱ ግን እግዚአብሔር የገፋቸው መስሏቸዋል። ስለዚህ ስትደውይላቸው ደክሞኝ ነበር ብለሽ አትጀምሪ፣ የተናገርኩት ቃል ልክ አልነበረም ብለሽ ጀምሪ።

ግን ውኃው ወጣ ወይስ አልወጣም? ወጣ፣ ብዙ ውኃ ነው የሚለው፣ ሕዝቡም ከብቱም ጠጣ። በመሪው ጥፋት ሕዝቡን አላስጠማቸውም። ሙሴም አልወረደም። አትገባም ከተባለ በኋላ ቁጥር 14 ላይ ያው ሰው ከቃዴስ ወደ ኤዶም ንጉሥ መልእክተኛ ሲልክ ታገኚዋለሽ። ሥራው ቀጥሏል። እንደውም ምዕራፍ 27 ላይ መሞቻህ ደርሷል ሲባል ለራሱ አልለመነም፣ ማኅበሩ እረኛ እንደሌለው በግ እንዳይሆን ሰው ሹምላቸው ብሎ ነው የለመነው፣ ኢያሱ ላይ እጁን ጫነ። የሚገባበትን አገር ሳይሆን የሚከተለውን ሰው ነው ያሰበው።

ደግሞ ከነዓንን አጣ ብለሽ እንዳትደመድሚ። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ምንድነው የምናከብረው? ደብረ ታቦር ላይ ከኤልያስ ጋር ጌታን ሲያነጋግር የቆመው ማነው? በእግሩ ያልገባባት ምድር ላይ ጌታው ራሱ አቁሞታል።

መውረድና መቀጠል ላይ ብቻሽን አትወስኚ። እኔ ብወርድ ይሻላል ማለትም እኔ ባልኖር እንደማለት "እኔ" ይበዛበታል። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ የሾመሽ ጉባኤም አለ። እግዚአብሔር የአያትሽን ነፍስ ይማርልን።

ቸርነቱ_አያልቅም፦

ዲያቆን ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ማርያም የሞተችበትን እንዲህ አያይዤው አላውቅም ነበር። እህቴ አይዞሽ፣ ያስጨነቀሽ ነገር ራሱ ልብሽ እንዳልደነደነ ያሳያል።

ሒሳብ_እና_መዝሙር፦

ሁላችሁም ስለ ቁጣው አወራችሁ፣ እኔ ስለ ብሩ ልናገር፣ ሙያዬ ሒሳብ ነውና ቅር እንዳይላችሁ።

ልጁ የጠየቀው ጥያቄ መልስ አላገኘም። ከዚህ ሁሉ በኋላም የልብሱ ብር ስንት እንደደረሰ ይሄ ቤት ያለ ሰው አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ይሄ ነገር ትንሽ ከመሰላችሁ ዕዝራ 8ን አንብቡልኝ። ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ ንጉሡን ወታደር ስጠኝ ለማለት አፍሬያለሁ ይላል፣ የአምላካችን እጅ ከእኛ ጋር ነው ብለን ነግረነው ነበርና። ስለዚህ አኅዋ ወንዝ ዳር ጾመው ጸልየው ነው የተነሡት። እስኪ አስቡት፣ ወታደር ያልጠየቀ፣ በእግዚአብሔር የተማመነ ሰው። ቀጥሎ ምን አደረገ? 12 የካህናት አለቆችን ለየና ብሩንም ወርቁንም ዕቃውንም መዝኖ አስረከባቸው፣ 650 መክሊት ብር፣ 100 መክሊት ወርቅ እያለ ይዘረዝረዋል። ኢየሩሳሌም ሲደርሱ በአራተኛው ቀን ቤተ መቅደስ ውስጥ እንደገና በቁጥርና በሚዛን ተመዘነ፣ ሚዛኑም ያኔውኑ ተጻፈ። ለመንገዱ እግዚአብሔር ይጠብቀናል ያለው ሰው ለብሩ እግዚአብሔር ያያል ብሎ አላለፈውም! ካህናት ናቸው እኮ የተረከቡት፣ ማን ይጠረጥራቸዋል።

ቅዱስ ጳውሎስም ያው ነው፣ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ብር ቲቶንና አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ጨምሮ ነው የሚልከው፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም እንዲሆን እናስባለን ይላል፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 8። በሰውም ፊት የምትለዋን ይዘላታል ብዙ አገልጋይ። "እግዚአብሔር ያውቀኛል" ይላል። እሱ ያውቅሻል፣ ያ የጠየቀሽ ልጅ ግን በምን ይወቅ?

በተግባር፦ ደብተሩን ነገ መልሺ፣ ሦስት ሰው ሆናችሁ ቁጠሩት፣ ተፈራረሙ፣ ካርኒ ያልተቆረጠለት ገቢ አይኑር፣ በየወሩ አዳራሹ ውስጥ ይነበብ። ታማኝ አይደለሽም ማለቴ አይደለም፣ ታማኝ ስለሆንሽ ነው ይሄ የሚገባሽ። አንድ ሰው ብር ለብቻው ሲይዝ ጥያቄ ሁሉ ስድብ ይሆንበታል። ሦስት ሆናችሁ ብትይዙት ኖሮ ያን ማታ "3ኛው ገጽ ላይ አለ" ብለሽ ትተኚ ነበር።

ከሜሪላንድ፦

እህቴ የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ እዚህ ሜሪላንድ በአንድ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን አገለግላለሁ፣ በመካከላችሁ ከገባሁ ይቅርታ ግን ጥያቄው የሁላችንም ነው።

የኛ ልጆች እዚህ ነው የተወለዱት፣ አማርኛ ይሰማሉ ግን ስብከት ሲረዝም ይጠፋባቸዋል። እኛ ደግሞ ለዓመታት አይመጡም፣ ስልክ ይነካካሉ፣ ዓለም ወሰዳቸው እያልን ስንቆጣ ነበር። አንድ እሑድ አንዷ ልጅ፣ 15 ዓመቷ ነው፣ ቆጣ ብዬ ስናገራት በእንግሊዝኛ "የምትሉት አይገባኝም፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አለችኝና አለቀሰች። ሰምቼ ዝም አልኩ። ማታ ሐዋርያት ሥራ 6ን ሳነብ እዚያው ነው ያገኘኋት። የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች መበለቶቻችን በዕለት ዕለቱ አገልግሎት ተረሱ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት አልተቆጡም፣ እኛ ባንኖርም አላሉም። ሕዝቡን ሰብስበው ምረጡ አሉ። የተመረጡት ሰባቱ ስማቸውን እዩት፣ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሰባቱም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታው ከመጣበት ወገን ነው ማዕዱ የተሰጠው!

እኛም ሁለት እዚህ ያደጉ ወጣቶች የልጆቹን ፕሮግራም በራሳቸው ቋንቋ እንዲመሩት ሰጠን። ሁሉም አልተስተካከለም፣ ገና ነው፣ ግን ያቺ ልጅ አሁን ታናናሾቿን ታስተምራለች።

ስለዚህ እኔ ብሆን ብሩ የት ነው ያለውን ልጅ ቆጣሪዎቹ ውስጥ አስገባው ነበር።

የድሮ_ሰብሳቢ፦

ከሜሪላንድ ያለው ወንድማችን ደስ የሚል ነገር ነው ያነሳኸው፣ አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። ሐዋርያት ያጉረመረመውን ሁሉ አልሾሙም፣ በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ነው ያሉት። እኔ አንዴ ቅሬታ የሚያበዛ ሰው ዝም እንዲል ብዬ ኃላፊነት ሰጥቼው ክፍሉን በትኖብኛል። ልጁን ቀርበሽ እወቂው መጀመሪያ፣ ዝም ለማሰኘት ከሆነ አትስጪው፣ የታመነ ከሆነ ግን ስጪው።

ቁጣው ላይ ደግሞ ነህምያን ጨምሪው። ምዕራፍ 5 ላይ ድሆቹ በወለድ ተጨንቀው ሲጮሁ እጅግ ተቆጣሁ ይላል፣ ቀጥሎ ግን "በልቤም አሰብሁ" ይላል፣ ከዛ ነው ታላላቆቹን የወቀሳቸው። ሲወቅስም እኔም ወንድሞቼም አበድረናቸዋል ብሎ ራሱን አብሮ አስገብቶ ነው። 52 ቀን ቅጥር የሠራ ሰው አይደክመውም ነበር እንዳትይኝ። ማታ 5 ሰዓት ላይ ያጣሻት በልቤም አሰብሁ የምትለዋን ነው።

የሰንበት_ልጅ፦

ሦስት ሳምንት ስለጠፋሁ ይቅርታ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፣ ያሉኝን ሁሉ አልጽፈውም፣ ግን እስከ ምርጫው ድረስ ቀጥዪ ብለውኛል። ስለ አያቴ ጠየቁኝና ብዙ አለቀስኩ፣ ከቀብሯ ቀን ወዲህ እንዲያ አላለቀስኩም ነበር። ዲያቆን፣ ማርያምን ባትነግረኝ ኖሮ አያቴን አላነሳላቸውም ነበር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን።

ደብተሩን መለስኩ። ሒሳብ ሹሟ፣ ምክትሌና ያ የጠየቀው ልጅ ሆነን ቆጠርነው (ልጁ ለካ ሁለተኛ ዓመት አካውንቲንግ ተማሪ ነው፣ ዓመት ሙሉ አብሬው ሆኜ አላውቅም ነበር)። ደብተሩ ላይ ከተጻፈው በ340 ብር በልጦ ተገኘ። ከራሴ ኪስ እየጨመርኩ ሳልጽፈው የቀረ ነው። እኔ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር፣ ሒሳብ ሹሟ ግን "ሲጎድልም ሲበልጥም ያው ስህተት ነው" አለችኝ። ሥራ ይበዛብሻል ብዬ ነው የወሰድኩት ስላት ደግሞ ዝም ብላ ቆየችና "እኔ እኮ ያላመንሽኝ መስሎኝ ነበር" አለች። ዓመት ከምናምን እንደዛ እያሰበች አብራኝ ስታገለግል ነበር። እሱ ነው በጣም ያመመኝ።

ከሦስቱ ልጆች አንዷ በደወልኩ ቀን ነው የመጣችው። ሁለተኛው ልጅ "እኔ እንኳን ልመጣ ነበር፣ ቮይሱን ስፒከር ላይ አድርጌ ስሰማው እናቴ ሰምታ ነው፣ አትሄድም ያለችኝ" አለ። ስለዚህ ይቅርታ የምጠይቀው እናቱን ሆነ። ቤታቸው ሄድኩ፣ እማማ በሩን ከፍተው መጀመሪያ ፊታቸው ተቋጠረ፣ ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው፣ የተናገርኩት ቃል ልክ አልነበረም፣ ልጅዎ ምንም አላጠፋም አልኳቸው። ምንም ሳይሉ ገብተው ረከቦቱን አቀረቡ። ቡናው እስኪፈላ ስለ ሌላ ነገር ነው ያወሩኝ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ስለ ልጁ ትምህርት፣ በሦስተኛው ስኒ ላይ "ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?" አሉኝ። መጣ።

ቁልፎቹን ፈትቼ ለሦስት ሰው አካፈልኩ። ባለፈው ቅዳሜ አዳራሹ የተከፈተው 8 ሰዓት ከ20 ላይ ነው፣ እኔም ከልጆቹ ጋር በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ፣ ከበሮውም ልብሱ ተገልብጦ ነበር የወጣው፣ እጄን አሰባስቤ ዝም አልኩ።

ሦስተኛው ልጅ ስልክ አያነሳም። ሠፈሩን አግኝቻለሁ። ነገ ቅዳሜ ነው፣ አዳራሹን የሚከፍተው ሌላ ሰው ስለሆነ ጊዜ አለኝ፣ 7 ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ እሄዳለሁ።